ታምቡር ይቆይ ወይስ ዲስክ ይግባ? የአሮጌ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ፍሬን ለወሎ ቁልቁለት

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ በኩል ጭነት ይዞ የወረደ ሰው የፍሬን ነገር ሲነሳ ዝም ብሎ አያልፍም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ትወርዳለች። መንገዱ ከ25 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ አብዛኛው መጠማዘዣና ቁልቁለት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የነሐሴ ጠዋት፣ በአሮጌው ኤች ጄ 47 ፒክአፔ 9 ኩንታል የቦሩ ሜዳ ገብስ ጭኜ እወርድ ነበር። ጉም ስለነበር በዝግታ ነበር የምሄደው፤ እግሬ ግን ከፍሬኑ ላይ አልተነሳም። ከመንገዱ አጋማሽ በኋላ ፔዳሉ ከለመድኩት በታች ወረደ። ደግሜ ስረግጠው ይባስ ወደ ወለሉ ተጠጋ፤ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታም ጋቢናው ውስጥ ገባ። በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ጥግ ያዝኩ፤ ረዳቴ መኪናው ሳይቆም ዘሎ ወርዶ ታኮ አደረገ። ካፊያው የቀኙ የፊት ታምቡር ላይ ሲያርፍ ትሽ፣ ትሽ ይላል፤ ጠብታው ብረቱን ሳይዝ ይተናል። ለአንድ ሰዓት ያህል ቆመን ካቀዘቀዝነው በኋላ ፔዳሉ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ወደ ቦታው ተመለሰ። ያስፈራኝም ይኸው ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ቢታይ የሚገኝበት ጉድለት አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ «ታምቡሩ ይቆይ ወይስ ዲስክ ይግባ?» የሚለውን ጥያቄ ብዙ ሰው ያነሳልኛል። ታምቡር ከጎማው ጋር የሚዞር፣ ሸራዎቹ ከውስጥ ሆነው የሚገፉት ዝግ ብረት ነው፤ ዲስክ ደግሞ ፓዶች ከግራና ከቀኝ የሚጨብጡት ክብ ብረት ነው። እዚህ የምጽፈው በ40 ተከታታይ ስለሚታወቁት ፒክአፖች ነው፤ ኤፍ ጄ 45፣ ኤች ጄ 45 እና ኤች ጄ 47። የ40 ተከታታይ ምርት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 የዘለቀ ሲሆን፣ ቶዮታ ለአንዳንድ ገበያዎች ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከፊት ዲስክ ቢያስገባም፣ በአራቱም ጎማ ታምቡር ይዘው የወጡ ብዙ ናቸው። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የፊት ጎማውን አንድ ጊዜ መፍታት ይበቃል።

ከመምረጥ በፊት፦ መለኪያው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው የሚጠይቀው «የትኛው ቶሎ ያቆማል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ልክ አይደለም። በደንብ የተስተካከለ የላንድክሩዘር ታምቡር በሜዳ ላይ ለአንድ ጊዜ ሲረገጥ ጎማውን እስከማሰር ድረስ ይይዛል። ከፊት በእያንዳንዱ ጎማ ሸራውን በዘይት ግፊት የሚገፋ ሁለት ሲሊንደር አለው፤ ሁለቱም ሸራዎች ከጎማው ዙረት ጋር ወደ ታምቡሩ ስለሚሳቡ ጉልበቱ የሚናቅ አይደለም። ለወሎ መንገድ ትክክለኛው ጥያቄ «ለሃያኛ ጊዜ ስረግጠውስ?» የሚለው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መለኪያ ሙቀት ነው፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ በኋላ ይመጣል።

ጭነቱን ጨምሮ 2,600 ኪሎ የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 50 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ደሴ ላይ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ሁለት ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ሞተሩ፣ አየሩና መንገዱ ድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ ሹፌሩ በማርሽ ያልያዘው ግን በሙሉ ፍሬን ውስጥ ይገባል። ታምቡር ይህን ሙቀት የሚቀበለው ተዘግቶ ነው። ብረቱ ሲግል ይሰፋና ከሸራው ይርቃል፤ ፔዳሉ የወረደው ለዚህ ነው። ሸራው ሲግል የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ከሁሉም የከፋው የፍሬን ዘይቱ መፍላት ነው፤ በፈላ ዘይት ውስጥ የሚፈጠረው እንፋሎት እንደ አየር ስለሚጨመቅ እግር ባዶ ይረግጣል። ዲስክ በተቃራኒው ለአየር የተጋለጠ ነው፤ ሲግልም የሚወፍረው ወደ ፓዱ ነው እንጂ ከፓዱ አይሸሽም። ዘይት ግን በዲስክም ይፈላል። «ዲስክ ስላስገባሁ ከእንግዲህ አያሳስበኝም» የሚል ሰው ይህን ልብ ቢል ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው መለኪያ ውሃ ነው። በክረምት አለውሃን ወይም ስም የሌለውን የገጠር ጅረት የተሻገረ ታምቡር ውሃውን ውስጡ ያስቀራል፤ ከወንዙ ማዶ ያለው የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ የሚሆነው ለዚህ ነው። ዲስክ በጥቂት ዙር ይደርቃል። በአንጻሩ ጠጠርና አሸዋ ያለው ጭቃ ፓድን ቶሎ ይበላል።

ሦስተኛው፣ ብዙ ሰው የማያስበው፣ ከፍታ ነው። ዲስክ ራሱን አይስብም፤ ሹፌሩ የሰጠውን ጉልበት ብቻ ነው የሚሠራበት። በዚህ ምክንያት አጋዥ፣ ጋራዥ ውስጥ ሰርቮ የሚባለው ክብ ቆርቆሮ፣ ያስፈልገዋል። አጋዡ ደግሞ የሚሠራው በአየር ግፊት ነው፤ ደሴ ላይ ያለው ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ወደ ዋድላና ደላንታ ደጋ ሲወጡ ይብስ ይሳሳል። ጅቡቲ ወደብ ላይ በቀላሉ የሚያቆም ፔዳል ጋሸና ላይ ጠንክሮ ቢገኝ ብልሽት ላይሆን ይችላል። በናፍጣ ሞተሮች ላይ ለአጋዡ አየር የሚስበው ከዲናሞው ጀርባ ያለው ትንሽ ፓምፕ ነው፤ እሱ ከደከመ ወይም ቱቦው ከተሰነጠቀ ዲስክ ያለው መኪና ከታምቡሩ የባሰ ይሆናል።

ከዚህ በተረፈ መለዋወጫው ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ይገኛል ወይ፣ የእጅ ፍሬኑ ምን ይሆናል፣ ሥራው ካልተስማማ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል ወይ፣ መኪናውስ ስንት ቀን ይቆማል የሚሉትን ማየት ነው። የብር ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ለሚቀጥለው ወር አይሆንም። ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ግን ደረጃ አውጥቻለሁ።

ታምቡሩን አድሶ መያዝ

ከሁሉም በፊት ይህን ይመልከቱ፤ ምክንያቱም «ታምቡር አይረባም» የሚባለው አብዛኛው መኪና ታምቡሩ በትክክል ተስተካክሎ የማያውቅ ነው። እያንዳንዱ ሸራ የራሱ ማስተካከያ ስላለው አንዱ ከተረሳ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይስባል። ማደስ ማለት ሸራ መለወጥ ብቻ አይደለም። ሲሊንደሮቹ ተፈትተው ጎሚኒያቸው ይቀየራል፤ ውስጣቸው ዝጎ ከተቦረቦረ ሲሊንደሩ ራሱ ይለወጣል። የጎማ ቱቦዎቹ ከውጭ ደህና መስለው ከውስጥ ሊያብጡ ስለሚችሉ ዕድሜያቸው ካልታወቀ ይጣሉ። ታምቡሩ ቶርኖ ቤት ይሄዳል፤ ግን በላዩ ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ ስፋት ያለፈ ታምቡር ከእንግዲህ አይላጥም። ብረቱ በሳሳ ቁጥር ቶሎ ይግላልና፣ ደጋግሞ የተላጠ ታምቡር ለሐረጎ ከአሮጌ ሸራ የባሰ ጠላት ነው።

ሸራ ሲያስመቱ ከታምቡሩ ጋር መግጠሙን በኖራ ይፈትሹ። ታምቡሩን ውስጡን ኖራ ቀብቶ አንድ ጊዜ ማዞር በቂ ነው፤ ኖራው ሸራው መሐል ላይ ብቻ ከታየ ሸራው ገና አልገጠመም። አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል አቧራውን በአየር ማስነፋት ይቅር፤ በውሃ አርሶ መጥረግ ይሻላል።

ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ሁሉም መካኒክ ያውቀዋል፤ መኪናውም ከሁለት ቀን በላይ አይቆምም። የሙቀቱን ነገር ግን አይፈታም፤ ያዘገየዋል እንጂ።

ታምቡሩ ቆይቶ ማስተሩንና አጋዡን መለወጥ

በጣም አሮጌዎቹ ላይ ማስተር ሲሊንደሩ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው፣ ባለ አንድ መስመር ነው፤ አንድ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም ጎማ ያለ ፍሬን ይቀራል። የእርስዎ እንዲህ ከሆነ፣ ዲስክ ቢያስገቡም ባያስገቡም፣ የፊትና የኋላው ወደተለየበት ባለ ሁለት መስመር ማስተር መቀየር ግዴታ ነው ብዬ እቆጥራለሁ። አጋዥ መጨመር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እግርን ያሳርፋል፤ ታምቡሩን አያቀዘቅዝም። ሹፌሩ ፔዳሉ ስለቀለለው ይበልጥ በፍሬን እንዲወርድ የሚጋብዝ ከሆነም ጉዳቱ ያመዝናል። ለከተማ ሥራ ይሁን፤ ለቁልቁለት ብሎ ማውጣት አልመክርም።

የፊቱን ብቻ፣ ከሌላ ቶዮታ በወረደ ዲስክ

እኔ የመረጥኩት ይህን ነው፤ ስለዚህም ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።

መነሻ ሐሳቡ ቀላል ነው። ዲስክ ያላቸው የኋለኞቹ 40ዎች፣ የ60 ተከታታይ ላንድክሩዘሮች እና ድፍን የፊት አክስል ያለው ባለ አራት ጎማ ነጂ ሃይሉክስ ለ40 ቅርብ ዘመድ ናቸው። ሁሉም ባለ 6 ብሎን ጎማ ሲሆኑ፣ ካሊፐራቸውም፣ ፓዱን ዲስኩ ላይ የሚጫነው አካል፣ ባለ አራት ፒስተን ነው። ዛሬ በየመንገዱ የምናየው የላንድክሩዘር 79 ፒክአፕ ግን ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባለ 5 ብሎን ስለሆነ፣ «አዲስ ነው፣ ይሻላል» ብለው የእሱን ቢገዙ ከጎማዎ ጋር አይገጥምም። ከሃይሉክስ የሚወርደው ቀደምት ዲስክ ድፍንና ቀጭን ነው፤ ለቀላል ጭነት ይበቃል። ለከባድ ጭነት ወፍራሙ የላንድክሩዘር ዲስክ ይመረጣል፤ ሙቀት የሚሸከመው ብረት ነውና።

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄደው የሚገዙ ከሆነ አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ቁራጭ በቁራጭ አይግዙ። ካሊፐሩን ከአንድ ሱቅ፣ የጎማ ቋቱን ከሌላ፣ ዲስኩን ከሦስተኛ የገዛ ሰው ደሴ ሲደርስ ዲስኩ ከካሊፐሩ መሐል አይውልም፤ ፓዱ በአንድ ወገን ብቻ ይበላል። ጎማው ግራና ቀኝ ከሚዞርበት የአክስል ጫፍ ጀምሮ ካሊፐር መያዣው፣ የኩሽኔታው ዘንግ፣ የጎማ ቋቱ፣ ዲስኩና ካሊፐሩ ከአንድ መኪና በአንድ ላይ የወረደ ይሁን፤ ግራውም ቀኙም። ከተቻለ የእርስዎን አሮጌ አካል ይዘው ሄደው ብሎኑን በብሎኑ ላይ አስቀምጠው ያመሳክሩ። የዲስኩ የመጨረሻ ውፍረት ብረቱ ላይ ተጽፏል፤ በውፍረት መለኪያ ይለኩ። የካሊፐሩን ፒስተኖች ያስገፉ፤ ከአራቱ አንዱ ከተጣበቀና ከዛገ ይተውት።

ከዚያ ጎማው ይሞከር። አንዳንዱ ለታምቡር የተሠራ ቸርኬ ከካሊፐሩ ጋር ይፋተጋል፤ ይህን ከክፍያ በኋላ ማወቅ ያሳዝናል።

አሁን የኔን ስህተት ልናገር። የመጀመሪያው ጋራዥ ሥራውን በሦስት ቀን ጨርሶ «አብሽር፣ ከእንግዲህ ሐረጎ ሜዳ ሆነልህ» ብሎ ሸኘኝ። ኮምቦልቻ ስደርስ የፊት ጎማዎቹ እጅ አያስነኩም፤ ሜዳው ላይ መኪናው እንደታሰረ ከብት እየጎተተ ይሄዳል። ምክንያቱ ማስተሩ ውስጥ ነበር። ለታምቡር የተሠራ ማስተር እግር ከተነሳ በኋላም በቱቦው ውስጥ ጥቂት ግፊት የሚያስቀር ትንሽ ቫልቭ አለው፤ የሸራ ምላሽ ሞላ ጠንካራ ስለሆነ ታምቡሩን አያሠቃየውም። ዲስክ ግን የሚመልስ ሞላ የለውም፤ ያች ግፊት ፓዱን ቀኑን ሙሉ ዲስኩ ላይ ለጥፋ ታውለዋለች። ሁለተኛው መካኒክ፣ አንድ የሸዋ በር አዛውንት፣ ጎማውን አንሥተው በእጃቸው ሲያዞሩት እምቢ አላቸው። የካሊፐሩን የአየር ማስወጫ ብሎን በሩብ ዙር ሲከፍቱት ዘይቱ ፊጭ አለና ጎማው ወዲያው ለቀቀ። «ልጄ፣ ካሊፐሩ ጤነኛ ነው፤ ማስተርህ ነው የማይለቀው» አሉኝ። ይህን ሙከራ ማንም ሰው በራሱ ማድረግ ይችላል።

ስለዚህ ከዲስኩ ጋር ማስተሩም ዲስክ ከነበረው መኪና ይምጣ። ሌላም ምክንያት አለ፤ የካሊፐር ፒስተን ትልቅ ስለሆነ ብዙ ዘይት ይፈልጋል፤ ፓዱ እያለቀ ሲሄድም ዘይቱ ወደ ካሊፐሩ ይወርዳል። የታምቡሩ ትንሽ ዘይት መያዣ አይበቃውም። የፊቱና የኋላው ሚዛንም ይታይ፦ ባዶውን ፒክአፕ በእርጥብ አስፋልት ላይ በኃይል ሲያቆሙት ኋላው ቀድሞ ከታሰረና ከተንሸራተተ፣ ወደ ኋላ የሚሄደውን ግፊት የሚቀንስ ቫልቭ ያስፈልጋል።

ከውጭ የሚመጣ የተዘጋጀ ስብስብ

ለዚሁ መኪና ተለክቶ የተሠራ መያዣ፣ አዲስ ዲስክና አዲስ ካሊፐር በአንድ ሳጥን ይመጣል። ጥሩው ነገር ሁሉም አዲስ መሆኑና ልኬቱ የተጠና መሆኑ ነው። ችግሩ ቀረጡና የጭነቱ ዋጋ ከዕቃው ጋር መፎካከሩ፣ ከዚያም አልፎ ፓዱ ሲያልቅ ወልድያ ላይ የሚገኝ ዓይነት መሆኑ አስቀድሞ መጣራት ያለበት መሆኑ ነው። ካሊፐሩ ከቶዮታ ወይም እዚህ በብዛት ከሚሄድ መኪና የተወሰደ ከሆነ ችግር የለውም። ካልሆነ ለሥራ መኪና አይመከርም። መኪናውን ለቅርስ ለሚይዝና ወደፊት ወደ ታምቡሩ መመለስ ለሚፈልግ ግን ከሁሉ ይሻላል፤ ብዙውን ጊዜ ምንም ሳይቆረጥ ይገጠማል።

መያዣውን ከላሜራ ቆርጦ በብየዳ መሥራትን በዚህ ዝርዝር ውስጥ አላስገባም። ሲቆም የካሊፐሩ ጉልበት በሙሉ የሚያርፍበት ብረት ነው፤ ብየዳው የሚለቅበት ቀን ደግሞ በኃይል የተረገጠበት ቀን ነው።

አራቱንም ጎማ

ሲቆም ክብደት ወደ ፊት ስለሚሄድ የኋላው ድርሻ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ጥቅሙ ከወጪው ጋር አይመጣጠንም። የእጅ ፍሬኑም አለ። በቀደሙት 40ዎች ላይ የእጅ ፍሬኑ ከካንቢዮው በስተኋላ ዘንጉ ላይ ስለሆነ አይነካም፤ በኋለኞቹ ግን ከኋላ ታምቡር ውስጥ ነው፤ ታምቡሩ ሲወጣ አብሮ ይወጣል። ቁልቁለት ላይ ጭነት የሚያራግፍ ሰው ይህን ማጣት የለበትም።

| አማራጭ | ሙቀት መቋቋም | ከውሃ በኋላ | መለዋወጫ በወሎ | የእጅ ፍሬን | የሚቆምበት ጊዜ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ታምቡር ማደስ | ደካማ እስከ መካከለኛ | ደካማ | በቀላሉ | አይነካም | 1–2 ቀን | ዝቅተኛ |
| ታምቡር ከማስተርና አጋዥ ጋር | ደካማ እስከ መካከለኛ | ደካማ | በቀላሉ | አይነካም | 2–3 ቀን | ከዝቅተኛ ከፍ ያለ |
| የፊት ዲስክ፣ ከሌላ ቶዮታ | ጥሩ | ጥሩ | ፓድ በቀላሉ፣ ዲስክ በትእዛዝ | አይነካም | ከ3 ቀን እስከ ሳምንት | መካከለኛ |
| የፊት ዲስክ፣ የተዘጋጀ ስብስብ | ጥሩ | ጥሩ | እንደ ካሊፐሩ ዓይነት | አይነካም | ዕቃው እስኪመጣ | ከፍተኛ |
| አራቱም ዲስክ | ከፊት ዲስክ ብዙም አይበልጥም | በጣም ጥሩ | አስቸጋሪ | ሊጠፋ ይችላል | ከሳምንት በላይ | በጣም ከፍተኛ |

ለማን የትኛው?

በራያ ቆቦ ሜዳ ወይም ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ብቻ የሚሠራ ፒክአፕ ታምቡሩን በደንብ ያድስ፤ የተረፈውን ገንዘብ ለጎማ ያውለው። ይህን የምለው የዲስክን ጥቅም ሳልረሳ ነው፤ ሙቀቱ በሌለበት ለሙቀት መክፈል አያስፈልግም።

ሐረጎን፣ በውጫሌ በኩል ወደ ውርጌሳ የሚወርደውን፣ የዲልብን ዳገት ወይም ከባቲ ወደ ሚሌ ያለውን መንገድ በየሳምንቱ ጭነት ይዞ የሚመላለስ ሰው የፊት ዲስክ ከነማስተሩ ያስገባ። አቅሙ ዛሬ ካልፈቀደ፣ ታምቡሩን አድሶ፣ የፍሬን ዘይቱን ቶሎ የማይፈላውን ዶት 4 አድርጎ፣ ጭነቱን ቀንሶ ይጠብቅ እንጂ በግማሽ ሥራ አይጀምር። ማስተሩን ለሚቀጥለው ዓመት አቆይቶ ዲስኩን ብቻ ማስገባት እኔን የገጠመኝን ችግር ማምጣት ነው።

እንግዳ ይዞ ላሊበላ ለሚወጣ ቀላል ጭነት ያለው መኪና ከሃይሉክስ የወረደው ይበቃዋል። መኪናውን እንደ ወጣበት ጠብቆ ማቆየት የሚፈልግ ደግሞ ወይ ታምቡሩን ያድስ ወይ ሳይቆረጥ የሚገጠመውን ስብስብ ያስመጣ።

ስለ ዘይቱ አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ ዶት 3 የሚፈላው ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጀምሮ ነው፤ ውሃ ከሳበ በኋላ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 አዲስ ሲሆን 230፣ ውሃ ሲስብ 155 ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ስለዚህ ተከፍቶ ወራት የቆየ ቆርቆሮ ቢረክስም አይገዛ። በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ መቀየር፣ ዲስክ ቢሆንም ታምቡር ቢሆንም፣ ከሁሉም ርካሹ መከላከያ ነው።

ከተገጠመ በኋላ

አየር ሲወጣ ከማስተሩ ከሚርቀው ጎማ ይጀመር። ከዚያ መኪናውን በቀጥታ ወደ ሐረጎ አይውሰዱ። አዲስ ፓድ ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ ድረስ በሜዳ መንገድ ላይ፣ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ 10 ያህል በመጠኑ እየረገጡ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ፣ በየመሐሉ እያስቀዘቀዙ ሃያ ጊዜ ያህል ይድገሙ። የመጀመሪያውን ቁልቁለት ባዶ መኪና ይዘው በጠዋት ይውረዱ፤ በወጡበት ማርሽ። ታች ሲደርሱ አራቱን ቸርኬ በእጅ ጀርባ ሳይነኩ ጠጋ ብለው ሙቀቱን ያመሳክሩ። የፊት ግራና ቀኝ እኩል መሞቅ አለባቸው፤ አንዱ በግልጽ ከበለጠ ካሊፐሩ አልለቀቀም ወይም ሌላኛው አልያዘም ማለት ነውና ጭነት ሳይጫን ይመለስ። ከመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር በኋላ የካሊፐር መያዣ ብሎኖቹ እንደገና ይጠበቁ፤ የፓዱም ውፍረት በሁለቱም ወገን ይታይ።